ስለዚያ የድሮ ክርክራችን

ሐዋሳ

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይሄን ያህል ተጠፋፍተን ሰላምታ ሳላበዛ ወደ ጉዳዬ ብገባ ቅር አይበልህ። ባለፈው እህትህን ፒያሳ አገኘኋት። ሲጋራውን እንደገና ጀምረሃል አሉ። ሳሉም አልለቀቀህም።

የምጽፍልህ ልቆጣህ አይደለም። ያልጨረስነው ክርክር ስላለን ነው። ግቢ እያለን «ሲጋራ እንደሚጎዳ ድሮ ማን ያውቅ ነበር? ሐኪሞቹም ያጨሱ ነበር» ትለኝ ነበር። ሐኪሞቹስ እውነትህን ነው። ሪቻርድ ዶል የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ራሱ አጫሽ ነበር። ከስታቲስቲክስ ባለሙያው ከብራድፎርድ ሂል ጋር ሆኖ ለንደን ውስጥ የሳንባ ካንሰር በሽተኞችን ማስጠየቅ ሲጀምር፣ የጠረጠረው የአስፋልቱን ሬንጅና የመኪናውን ጭስ ነበር። መልሱ ግን እየዞረ ሲጋራው ላይ ወደቀ። ጥናቱ ሳያልቅ ሰውየው ማጨሱን ተወ። ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። አባቶቻችን ገና ልጆች እያሉ ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

እኔን የሚያበሽቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በጥር 1954 የአሜሪካ ሲጋራ አምራቾች ተሰባስበው ከ400 በላይ ጋዜጦች ላይ መግለጫ አወጡ። ሲጋራ ካንሰር ለማምጣቱ ማረጋገጫ የለም፣ የእናንተ ጤና ከምንም በላይ ያሳስበናል አሉ። ብልጠታቸውን ተመልከት። አጫሹ ሙሉ በሙሉ እንዲያምናቸው እንኳ አላስፈለጋቸውም። «እስቲ ይጣራ» እያለ አንዱን በአንዱ እንዲለኩስ ብቻ በቂ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም ሉተር ቴሪ ቁርጡን የተናገረው በ1964 ነው። እሱም ቅዳሜ ቀን፣ የአክሲዮን ገበያው እንዳይናወጥ ተብሎ!

እኛ ዘንድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ስለ ሳንባ የሚያወራ ሳይኖር ክልከላው ቀደመ። አያቴ ትምባሆ የበቀለው ከአርዮስ መቃብር ላይ ነው ትለን ነበር። አፄ ዮሐንስ ያጨሰን ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ይባላል። (ያም ሆኖ ጋያቸውን ያልተው አዛውንቶች ሞልተው ነበር።) ችግሩ፣ ነገሩ ከኃጢአት ጋር ብቻ መያያዙ ይመስለኛል። ከተሜው ወጣት የአያቱን ተረት ሲጥል ክልከላውንም አብሮ ጣለው። ማጨስ የአራዳ ወግ ሆነ።

አሁን እንኳ ሕጉ ጠንክሯል። አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ቡና ቤት ውስጥ ማጨስም ቀርቷል፣ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። በቀደም ፍቅር ሐይቅ ዳር አንድ ሱቅ በደረቴ አጠገባችን ቆመ። ካርቶኑ ላይ ሶፍት፣ ከረሜላና ማስቲካ ደርድሯል። ላይተሩን በሲባጎ አስሮታል። ፓኬቱ ላይ ያለውን የሚያስፈራ ሥዕል በማስቲካ ከልሎታል። ገዢው ይቅርና ሻጩ ራሱ 21 አይሞላውም።

ወደ አንተ ልመለስ። ያ ዶል የእንግሊዝ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱን አወጣ። ማጨስ በአማካይ 10 ዓመት ገደማ ዕድሜ ይቀንሳል። በ60 ዓመቱ የተወ 3 ዓመት ያህል ያተርፋል፣ በ50 የተወ 6፣ በ40 የተወ 9። እኛ የቱ ጋ እንዳለን ታውቀዋለህ። «አሁንማ ምን ዋጋ አለው» የምትለው ስለዚህ አያስኬድም።

ሳሉን ግን በሲጋራ አታሳብ። ሁለት ሳምንት ካለፈው ጤና ጣቢያ ሂድና አክታህን ይመርምሩልህ። ስትታይ ስለ ማጨስህም ንገራቸው፣ አትደብቅ። ከዚያ ደውልልኝ፣ ስልኬ ያው የድሮው ነው። ለባለቤትህ ሰላምታ አቅርብልኝ።

ወንድምህ