ቪዲዮ ስትቀበሉ «እንደ ፋይል ላኩ» በሉ

ለአዘጋጁ፣

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ሕግ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደብረ ማርቆስ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ስለ ሐሰተኛ ቪዲዮ ብዙ ብላችኋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እውነተኛው ነው።

ከእንግዲህ ወንጀል ሲሠራ የተቀረጸ ሁሉ «ኤአይ ነው» ብሎ ሊክድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የጸናው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እውነተኛ የሚመስል ሐሰተኛ ምስል ወይም ቪዲዮ በኤአይ መሠራቱ ይገለጽ ይላል። ጥሩ ነው። ግን ሊዋሽ የተነሳ ሰው መቼ ይገልጻል?

ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የሊቢያው የጦር አዛዥ ማሕሙድ አል ወርፋሊ እንዲያዝ ትእዛዝ ሲያወጣ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የወጡ የግድያ ቪዲዮዎችንም አይቶ ነበር። ሰውዬው በ2021 ተገደለና ቪዲዮዎቹ በችሎት ሳይፈተኑ ቀሩ። ቢፈተኑ ኖሮ ጠበቃው ማን ቀረጸው፣ መቼ፣ የት፣ በማን እጅ አለፈ ማለቱ አይቀርም ነበር።

የዚህ መልስ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ውስጥ አለ። ስልክ ሲቀርጽ ቀኑን፣ ሎኬሽን ከተከፈተም ቦታውን አብሮ ይመዘግባል። ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ ሲላክ ይጨመቃል፤ ያ መረጃም ሊጠፋ ይችላል። «ፋይል» አድርጎ የላከ ግን እንዳለ ይደርስለታል። ሱቄ የሚመጣው ሰው «ሚሞሪ ሞላብኝ፣ አጥፋልኝ፤ ቴሌግራም ላይ አለኝ» ነው የሚለው። እዚያ ያለው ቅጂው ነው፤ ዋናው ሄደ። (የስንቱን ሰው ሠርግ እንዲህ እንዳጠፋን እግዜር ይወቀው።)

ገመናም አለ። የቀረጻውን ቦታ ለዳኛ የሚናገር ፋይል ለአሳዳጅም ይናገራል። ስለዚህ ለሕዝብ የሚወጣው ፊቱ የተሸፈነ ቅጂ ይሁን፤ ዋናው በታመነ እጅ ይቀመጥ። እኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ጠጋኞች የደንበኛን ፓተርን ተቀብለን ስልኩን ስንከፍት እንውላለን፤ ስለ አዋጁ መጥቶ ያስረዳን ግን የለም።

እናንተም ከአንባቢ ቪዲዮ ትቀበላላችሁ። ፊት ሸፍናችሁ አውጡ፤ ያልሸፈናችሁትን ግን አትጣሉት። የላከው ሰውም ዋናውን ከስልኩ እንዳያጠፋ ንገሩት። «ቪዲዮ ላኩልን» የሚለው ማስታወቂያችሁ ላይም «እንደ ፋይል» የሚል ጨምሩበት።

ስልክ ጠጋኙ አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ