የሞተር ክበብ ዘገባ፦ ባለ 500ው፣ ምጣዱ እና አራት ሚሊ ሜትር

ባለፈው መስከረም በቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤታችን የክበባት ምዝገባ ሲከፈት «የሞተር ክበብ» የሚለው ወረቀት ላይ አንድ ስም ብቻ ነበር። የኔው። አልፈረድኩባቸውም። የኛ ልጆች ሳምንቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ሲማሩ ሰንብተው ቅዳሜ ጠዋት ፊደል ሊቆጥሩ መምጣታቸው ራሱ ተመስገን ነው፤ ከዚያ አልፈው ጋራዥ ገብተው ግራሶ በግራሶ የሚሆኑበት ምክንያት አልታያቸውም። በሁለተኛው ሳምንት ስልኬን አውጥቼ የአንድ ሆንዳ ሲአር 500፣ የሞቶክሮስ (በአፈርና በጉብታ ሜዳ የሚወዳደሩበት) ሞተር ሳይክል፣ ድምፅ አሰማኋቸው። ሃያ ሰከንድ ቢሆን ነው። በሦስተኛው ሳምንት 11 ሆኑ፤ አራቱ ሴቶች።

የወላጆች ስብሰባ ላይ ግን ድምፁ አላዳነኝም። «ሞተር ሳይክል? ልጄን?» አሉኝ አንዲት እናት፣ የቡና ስኒያቸውን አስቀምጠው። ስለዚህ ደንቡ ከመጀመሪያው ቀን ተጻፈ። የክበቡ ተማሪ ይፈታል፣ ይለካል፣ ይገጥማል፤ አይነዳም። ደንቡ ዓመቱን ሙሉ አልተጣሰም። ለነገሩ አብዛኛውን ዓመት የሚነዳ ነገርም አልነበረም።

ለምን ይህን ሞተር እንደመረጥን ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ሲአር 500 ባለ አንድ ሲሊንደር ቱ ስትሮክ ነው። የመኪናችሁ ሞተር ፎር ስትሮክ ነው፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ አንዴ ይተኩሳል፤ ቱ ስትሮክ በየዙሩ ይተኩሳል። ባልቦላ የለው፣ ካም የለው፣ የዘይት ጋን የለው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገባው። ቀላል፣ ኃይለኛ፣ ጭሳም። ሆንዳ በ1997 ለሲአር 250 የአሉሚኒየም ፍሬም ሲሰጠው ታላቅ ወንድሙን 500ውን ግን በብረት ፍሬም ተወው። በዚያው ዓመት ዳግ ሄንሪ የሚባል ተወዳዳሪ ላስ ቬጋስ ላይ በያማሃ ፎር ስትሮክ አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ሜዳው የፎር ስትሮክ ሆነ። 500ው በ2001 ምርቱ ቆመ። ከ2007 ሞዴል በኋላ ደግሞ ሆንዳ የቀሩትን ቱ ስትሮክ የሞቶክሮስ ሞተሮቹን በሙሉ አቆመ።

እንዲህ ሆኖ ሞተሩ ዘመናዊ ገላ ሳያገኝ ቀረ። ፍሬሙ፣ ሾክ አብዞርበሩ፣ ፍሬኑ ሁሉ በየዓመቱ ሲሻሻል እሱ አሮጌው ብረት ላይ እንደተቀመጠ ጡረታ ወጣ። ለዚህ ነው እዚህ አሜሪካ በየጋራዡ ሰው የ500ውን ሞተር አውጥቶ አዲሱ የአሉሚኒየም ፍሬም ውስጥ ሊከት የሚታገለው። አሮጌ ጠጅ በአዲስ ብርሌ በሉት። ብልህ ሥራ ነው አልልም። በዚያው ገንዘብ ደህና የሚሠራ ሞተር ሳይክል ይገዛል። ለማስተማር ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፤ ተዘጋጅቶ የመጣ ነገር የለም፣ ሁሉም ይለካል።

ፍሬማችን የሆንዳ የ2006 ፎር ስትሮክ፣ የሲአርኤፍ 250 ነው። የራሱ ሞተር ተሰባብሮ ወጥቶ ባዶውን ነበር የተሸጠልን። ባለ 500ውን ሞተር ደግሞ በሦስት የእንጀራ ካርቶን ተበታትኖ አገኘነው። የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ ነበር፣ ቀጥሎ ሒሳብ። የሲሊንደሩ ስፋት 89 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፒስተኑ 79 ሚሊ ሜትር ይወጣል ይወርዳል። የ8ኛ ክፍሏ ልጃችን በወረቀት አሰላችው፤ 491 ሲሲ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ለምን 500 አሉት?»

«ለአፍ ስለሚመች።»

የፍሬሙ የቀድሞ ሞተር ስፋቱ 78፣ ምቱ (ፒስተኑ የሚወጣ የሚወርደው) 52.2 ነበር። አስልታ 249 አለችኝና ትንሽ አሰብ አድርጋ «እጥፍ ሞተር ነው እኮ ልናስገባ የምንለው» አለች። አዎ።

ሞተሩ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሁለት ወር በላን። የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ በአንድ ትልቅ ቡሎን ይታሰራል፤ በነዚህ ሆንዳዎች ላይ ያ ቡሎን ፍሬሙን፣ ክንዱን እና የሞተሩን ጀርባ አንድ ላይ ወግቶ ያልፋል። ስለዚህ ያቺ ቀዳዳ ቦታዋ የታወቀ ነው፤ የቀረው ሁሉ በሷ ዙሪያ ይሽከረከራል። እውነተኛውን ሞተር እያነሱ እየጣሉ መሞከር ለወገብም ለጣትም አይሆንም። ስለዚህ ልጆቹ ከኮምፔንሳቶ ቆርጠው የሞተሩን የጎን ቅርፅ ሠሩ፤ ቀዳዳዎቹ በልካቸው፣ ፒኞኑ (ካቴናውን፣ ሰንሰለቱን፣ የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) በቦታው። ቡሎኑን አስገብተው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደፊት ወደኋላ ያዞሩታል። ወደፊት ሲያዘነብል ሆዱ የፍሬሙን የታች ዘንጎች ይነካል። ወደኋላ ሲሄድ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ከላይ ይጋጫል፣ ካርቡሬተሩ ሾኩ ላይ ይተኛል። በመሐል አንዲት ጠባብ ቦታ አለች፤ እሷም የታች ዘንጎቹ ተቆርጠው ዝቅ ካላሉ አትገኝም።

መቁረጡና መበየዱ የልጆች ሥራ አይደለም። በአርጎን ብየዳ የሚኖር ባለሙያ ነው የሠራልን። እኛ የኮምፔንሳቶውን ሞተር ሰጠነው፣ እሱ ፍሬሙን በዚያ ልክ በየደው። አሉሚኒየም በሙቀት ታክሞ ነው ጥንካሬውን የሚያገኘው፤ ብየዳው ዙሪያ ያ ጥንካሬ ይቀንሳል። ስለዚህ ማጠናከሪያ ላሜራ ተጨመረበት፣ ይህ ሞተር ሳይክልም እንደ ፋብሪካው ልጅ አይዘልም ብለን ወሰንን። አንዳንድ ልጆች አኩርፈዋል።

አሁን ወደ አራቷ ሚሊ ሜትር። የኮምፔንሳቶው ሞተር ልኩን ካገኘ በኋላ ከኋላው ጥርስ እስከ ፒኞኑ ሲባጎ ወጠርን። ሲባጎው ፒኞኑን ስቶ በ4 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አለፈ። አንድ ረጅም ልጅ አለን፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «ጋሼ፣ ካቴናው ይለምደዋል» አለኝ። ካቴና አይለምድም፤ ጥርሱን ይበላል፣ ከዚያ ራሱን ይበላል፣ ከዚያ በፍጥነት ላይ ተበጥሶ የሞተሩን ጀርባ ይሰብራል። አላመነኝም። የተበላ ጥርስ ከጋራዤ የብረት ክምር አውጥቼ በጣቱ አስዳሰስኩት። እንደ መንጠቆ ተቆልምሟል። ዝም አለ።

መፍትሔው ሞተሩን 4 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ማስጠጋት ነበር። የሞተሩ ጀርባ በቀኝ በኩል ተላገ፣ በግራ በኩል በቶርኖ የተሠራ ቀለበት ገባ። የዚህን ጊዜ ነው የአንዷ ተማሪያችን አባት ብቅ ያሉት። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ሲሠሩ የኖሩ መካኒክ ናቸው፤ እዚህ ግን መኪና ከመንዳት ውጪ መኪና ነክተው አያውቁም። ጃኬታቸውን ሳያወልቁ «ካቻቢቴ አቀብለኝ» አሉ። ዘጠኝ ልጅ ተያየ። «ፒንሳስ?» ዝም። ወዲያው ጥቁር ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመርን፦ ካንዴላ፣ ቢየላ፣ ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ። ኮሮና (ትልቁ ጥርስ) ሲሉ ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ፤ ልጆቹ የሚያውቁት በሽታውን ነዋ። ከጣሊያን የመጡ ቃላት መሆናቸውን ስነግራቸው አንዷ «ስለዚህ አማርኛ እየተማርን አይደለም ማለት ነው?» አለች። እየተማርሽ ነው፤ የመካኒክ አማርኛ ይኸው ነው፣ ማንም አዲስ አበባ ጋራዥ ብትሄጂ ትግባቢያለሽ አልኳት። በሰኔው ፈተና «በዓረፍተ ነገር ተጠቀሙ» ለሚለው ጥያቄ ሦስት ልጆች ፓራኦሊዮን (ዘይትና አየር የሚያግደውን ጎማ) ተጠቅመዋል። የአማርኛ መምህራችን እኔን ነው የጠየቁኝ።

ከዚያ ምጣዱ። የክራንኩን (ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ) ኩሽኔታዎች፣ ዘንጉ የሚዞርባቸውን ቀለበቶች፣ መቀየር ነበረብን። ኩሽኔታው ብረት ነው፣ መቀመጫው አሉሚኒየም፤ በመዶሻ ማስገባት ሁለቱንም ማበላሸት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ መቀመጫውን ማሞቅ፣ ኩሽኔታውን ማቀዝቀዝ። ኩሽኔታዎቹ አርብ ማታ እቤቴ ፍሪዘር ውስጥ ከበርበሬው አጠገብ አደሩ። ለማሞቂያ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ አመጣሁ፤ ከባለቤቴ ፈቃድ መጠየቄን አላስታውስም። የሞተሩን ግማሽ ምጣዱ ላይ አስተኝተን፣ አክምባሎውን ደፍተን ጠበቅን። ስንት ደቂቃ? ሰዓት አልያዝንም። የ8ኛ ክፍሏ ልጅ እናቷ ምጣድ ስትፈትን እንዳየችው በጣቷ ውሃ ጠብ አደረገችበት። ጭስስ። «ደርሷል» አለች። ኩሽኔታውን ከበረዶው አውጥታ፣ በወፍራም ጓንት ይዛ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ አስተካክላ ለቀቀችው። ጠብ ብሎ ገባ። መዶሻ የለ፣ ግፊት የለ። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራንም፤ ቪዲዮውን ደጋግሞ ማየት ብቻ።

የማርሚታው ጉዳይም ያስቆጣል። የቱ ስትሮክ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ሆዱ የተነፋው ለውበት አይደለም። ጭሱ ሲወጣ የግፊት ሞገድ ይዞ ይሄዳል፤ ሞገዱ ጠባቡ ጫፍ ጋ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለስና ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚንና አየር ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋዋል። ማሚቶው በሰዓቱ ካልደረሰ ኃይሉም የለም። የኛው ማርሚታ ፍሬሙን ስለነካ ረጅሙ ልጅ (አዎ፣ እሱው) ሦስት ሴንቲ ሜትር እንቁረጠው አለ። ሦስት ሴንቲ ሜትር ማለት ማሚቶው ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው። ይልቅ እንደ ዳቦ በሰያፍ ቆራርጠን፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ትንሽ ትንሽ አዙረን፣ ርዝመቱን ሳንነካ ጎኑን ቀየርን። ብየዳው አያምርም። ራዲያተሩና የአየር ማጣሪያው ሳጥን በሁለት ቅዳሜ አለቁ፤ ስለነሱ የምለው የለኝም።

ሚያዝያ ላይ ሙሉው ሞተር ተገጥሞ ነበር። ቤንዚን ከመቅመሱ በፊት መግቢያውንና መውጫውን ደፍነን በብስክሌት ፓምፕ 0.4 ባር ያህል አየር ሞላንበት። ቱ ስትሮክ በፓራኦሊዮው በኩል አየር ከሳበ ድብልቁ ይሳሳል፣ ይግላል፣ ፒስተኑን ያቀልጣል። የግፊት መለኪያው ጠቋሚ መውረድ ጀመረ። ልጆቹ የሳሙና ውሃ በብሩሽ እየቀቡ ፈለጉት። በግራ በኩል፣ ከማግኔቱ ጀርባ፣ አንዲት አረፋ ትልቅ እየሆነች፣ እየሆነች፣ ጷ! ፓራኦሊዮው ተጣሞ ገብቷል። ሁሉም ወደ ረጅሙ ልጅ ዞሩ። እኔ ነበርኩ ያስገባሁት። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ በጉልህ ተጽፏል፣ ይቅርም ማለት አልተቻለም።

ግንቦት 2ኛው ቅዳሜ ለማስነሳት ወሰንን። ለአንድ ጋሎን ቤንዚን 4 አውንስ ዘይት፣ 32 ለ 1። (አዲስ አበባ ቢሆን አየሩ ስስ ስለሆነ የካርቡሬተሩን ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ) ማሳነስ ይኖርብን ነበር፤ እኛ ያለንበት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ግን ዝቅተኛ ነው።) ይህ ሞተር ቁልፍ የለውም፣ በእግር ነው የሚነሳው፣ በፈራ ተባ ከረገጡት ደግሞ መልሶ ይረግጣል። ወፍራም ቦት አጥልቄ ወጣሁበት። ስድስት ጊዜ፤ ምንም። ካንዴላው ሲፈታ በቤንዚን ረጥቧል፤ ቀየርነው። ሰባተኛው ላይ ሳመነታ ረገጠኝ። ጉልበቴ እስከ ሰኔ ይናገር ነበር። ስምንተኛው ላይ ያዘ። ሰማያዊ ጭስ፣ የሚንቀጠቀጥ መስኮት፣ ጆሮውን የያዘ 11 ልጅ። እንዲቀርፅ የተመደበው ልጅ ቀረጻውን መጫን ረስቶ ነበር፤ ስለዚህ ወላጆች በቃሌ እመኑኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ወዳጃችን እርሻ ላይ፣ ድሮ ሞቶክሮስ ይወዳደር የነበረ ጎልማሳ ሁለት ዙር ነዳው። ልጆቹ ከአጥር ውጪ ሆነው ሰዓት ይይዛሉ። ሲመለስ የራስ ቁሩን አውልቆ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ የጥፋት ዝርዝር ጀመረ። ንዝረቱ የማርሚታውን ሁለት ቡሎን አላልቷል። የመርገጫው እግር ሲመለስ ፍሬሙን ይነካል። የራዲያተሩ ጎማ በአንድ በኩል ተፈግፍጓል። ፍሪሲዮኑ ለእጅ ከባድ ነው። ካቴናውስ? ብዬ ጠየቅሁ። «ቀጥ ብሏል» አለ። ረጅሙ ልጅ ሰምቷል፤ አይቼዋለሁ።

የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ይኸው ዝርዝር ነው። አዲስ ተመዝጋቢ የቆየ ልብስ ይዞ ይምጣ። ሒሳቡ ለኮሚቴው ቀርቧል። ሦስተኛው ገጽ ላይ «የኩሽኔታ ማሞቂያ» የሚል አንድ ወጪ አለ፤ እሱ ባለቤቴ የገዛችው አዲስ ምጣድ ነው፣ አሮጌውን አልቀበልም ስላለች።