ተራዋን ለወሰድኩባት ሴትና ተራቸውን ለሰጡኝ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ባለፈው የካቲት በኬፕታውን ከተማ፣ ሚውዘንበርግ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ከደረሰብኝ አደጋ ተርፌ፣ የወለቀው ትከሻዬም ወደ ቦታው ተመልሶ ይህን ለመጻፍ በቅቻለሁ። እንደ ልማዱ ቢሆን መጀመሪያ ዘመድ፣ ቀጥሎ ጎረቤት፣ ከዚያም የሥራ ባልደረባ ይመሰገናል። እኔ ግን የምጀምረው ስሟን እንኳ በማላውቃት ሴት ነው። የበደልኳትም ያዳነችኝም እርሷ ናትና።

ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄድኩት ለሁለት ሳምንት የሒሳብ ሥልጠና ነበር። ሰርፊንግን፣ ማለትም በሰሌዳ ላይ ቆሞ በባሕር ማዕበል መንሸራተትን፣ ከዚያ በፊት የማውቀው በቴሌቪዥን ብቻ ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ሰለሞን ባረጋ በቶኪዮ የ10,000 ሜትር ወርቁን እስኪያመጣልን ስንጠብቅ፣ በዚያው ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባውን ይህን ስፖርት አይቼ «ይህ ደግሞ ምን ይከብዳል?» ብዬ ነበር። ዋና እችላለሁ። ልጅ ሆኜ በግዮን ሆቴል መዋኛ ገንዳ ተምሬአለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር ስመላለስ የሚያቆመኝ አልነበረም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ከተማ፣ በገንዳ የተገኘ ድፍረት ለባሕር እንደማይበቃ የነገረኝ የለም። ቢነግሩኝም አልሰማም ነበር።

ሚውዘንበርግ ለጀማሪ የተመቸ ነው፤ ወለሉ አሸዋ፣ ማዕበሉም ረጅምና ለዘብ ያለ። ከበላዩ ካለው ተራራ ላይ ሰዎች በመነጽር ሻርክ ይጠብቃሉ። አረንጓዴ ባንዲራ ከተሰቀለ ውሃው ጠርቷል፣ ሻርክም አልታየም ማለት ነው። ሻርክ የተሳለበት ነጭ ባንዲራ ከወጣ ሳይረን ይጮኻል፣ ሰውም ሁሉ ከውሃው ይወጣል። ይህን ከሰማሁ በኋላ የምፈራው ሻርክን ብቻ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኙ ስለ ማዕበል ተራ ሲያስረዳን እኔ ባንዲራውን እያየሁ ነበር።

በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ። ለጀማሪ የሚከራየውን ለስላሳ ሰሌዳ ንቄ ጠንካራውን መረጥኩ። ጀማሪ መቆየት ያለበት ማዕበሉ ተንዶ ነጭ አረፋ በሚሆንበት፣ ውሃው ከወገብ በማያልፍበት ቦታ ነው፤ ያንንም ናቅሁና ሰዎች በየሰሌዳቸው ላይ ተቀምጠው ማዕበል ወደሚጠብቁበት ወደ ውስጥ ቀዘፍኩ። ማዕበሉ በማይናድበት በጎን በኩል ዞሬ መሄድ ሲገባኝ፣ ማዕበል ይዘው በሚመጡት ሰዎች መንገድ መሐል ለመሐል አለፍኩ።

እዚያ ገመድ የለም፣ ተራ አስከባሪም የለም፤ ሰልፍ ግን አለ። ማዕበል በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አይናድም። አንድ ቦታ ላይ ይጀምርና እየተጠቀለለ ወደ ጎን ይሄዳል። መናድ ለሚጀምርበት ጫፍ ይበልጥ የቀረበው ሰው የማዕበሉ ባለቤት ነው፤ ሌላው ቀዘፋውን ያቆማል፣ ቀጣዩን ይጠብቃል። ነገሩ የክብር ጉዳይ አይደለም። ከጫፉ የተነሣ ሰው ከኋላው የሚያሳድደው አረፋ ነው፤ መንገዱ ከፊቱ ያለው ገና ያልተናደው ውሃ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ሌላ ሰው ድንገት ቢገባበት ማምለጫ የለውም፣ ሰሌዳም ፍሬን የለውም። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ፍሬን በሌለው ብስክሌት የሚወርድ ሰው ፊት፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ የመኪና በር ከፍቶ እንደመውጣት ቁጠሩት።

በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጎላ ያለ ማዕበል መጣ፤ ወደ ጫፉ ዞር ብዬ ሳላይ ቀዘፍኩ፣ ተነሣሁ፣ ቆምኩም! ሁለት ሰከንድ ያህል ይሆናል። ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። ለእኔ የተጮኸ የአድናቆት ድምፅ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩ። ለካስ ፀጉሯ የሸበተ ሴት በረጅም ቢጫ ሰሌዳ ከጫፉ ተነሥታ እየመጣችብኝ ኖሯል። እንዳትገጨኝ ብላ ራሷን ወደ አረፋው ወረወረች፤ ሰሌዳዎቻችን ግን ተላተሙ። እኔም ወደቅሁና በግዮን ገንዳ እንደለመድኩት ራሴን በክንዴ ሳልሸፍን ወዲያው ብቅ አልኩ። ከቁርጭምጭሚቴ ጋር በላስቲክ ገመድ የታሰረው ሰሌዳዬ ተወጥሮ ተመለሰና ከሥሩ ያለው ክንፍ ቅንድቤን ሰነጠቀው፤ ሰባት ስፌት። ትከሻዬን ያወለቀው ተከትሎ የመጣው ማዕበል ነው።

ሰሌዳዋ ላይ የጎተተችኝ እርሷ ናት። «ተራው የእኔ ነበር» አለችኝ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፤ ቀጥላም «አሁን ግን አጥብቀህ ያዝ!» ከዚህ ሌላ ወቀሳ ከአፏ አልወጣም። አምቡላንስ እስኪመጣ ቅንድቤን በፎጣዋ ይዛ አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ ተቀምጣም ታስተምረኝ ጀመር። ስትወድቅ ራስህን በክንድህ ሸፍን፣ ለመውጣትም አትቸኩል። ከኋላህ ሰው ካለ ሰሌዳህን አትልቀቅ። ወደ ውስጥ ስትቀዝፍ ሰው ማዕበል ይዞ ከመጣብህ፣ አረፋው ቢያላጋህም ወደ አረፋው ሂድ እንጂ ከፊቱ አትሻገር። ካጠፋህ ደግሞ እጅህን አንሥተህ ይቅርታ በል። እኔ ደም አፈሳለሁ፣ እርሷ ትምህርቷን ትቀጥላለች። ደግነቱ በዚህኛው ቀን የማየው ባንዲራ አልነበረም። ለሰረጎደው ሰሌዳዋ ገንዘብ ልክፈል ብላት ሳቀችብኝ።

ቁስሌን ለሰፉት፣ ትከሻዬን ለመለሱት ሐኪሞችና ነርሶች እጃችሁ ይባረክ። በኬፕታውን ቤልቪል ሰፈር ሱቅ ያላችሁ የአገሬ ልጆች፣ ሳታውቁኝ ሽሮ ሠርታችሁ አመጣችሁልኝ፤ አንዳችሁም ሱቁን ዘግቶ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸከመልኝ። እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልኝ። የግቢያችን እናቶች «ባሕር ውስጥ ምን ልትሠራ ገባህ?» የሚለውን ጥያቄያችሁን እስከ ዛሬ አልመለስኩትም፤ አጥሚታችሁን ግን እስከ መጨረሻው ጠጥቻለሁ።

አሁን ወደ ለገሀር ልምጣ። ክንዴን ከአንገቴ ባንጠለጠልኩባቸው ሦስት ሳምንታት፣ ከሥራ ወጥቼ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው የታክሲ ሰልፍ ቆሜአለሁ። በመጀመሪያው ምሽት ሰልፉ ጥምዝምዝ ብሎ ነበር፤ እኔም መጨረሻው ላይ ቆምኩ። አንድ አባት ዞር ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አንተማ ወደ ፊት እለፍ» አሉኝ። ከፊታቸው ያለችው ተማሪ ገለል አለች፣ ከእርሷ ፊት ያለውም እንዲሁ፤ ሳላስበው ተራ አስከባሪው አጠገብ ደረስኩ። እርሱም ትከሻዬ እንዳይነካ ከመስኮቱ ጥግ አስቀመጠኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ባለ ክንዱ መጣ!» ብሎ ይጮኽ ጀመር፤ ሰዉም ይስቃል፣ መንገድም ይከፍታል።

በዚያ ሰልፍ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ሥር የምጠጋ መስዬ ስንት ሰው እንደዘለልኩ የማውቅ እኔ ነኝ። ከፊት ወዳጅ ያየሁ መስዬ ሰላምታ ልሰጥ ሄጄ እዚያው የቀረሁበትም ቀን አለ። እናንተ ዓመቱን ሙሉ ቆማችሁ የጠበቃችሁትን ተራ በአንድ ቃል ስትሰጡኝ መግቢያ አጥቼ ነበር። አመሰግናለሁ፤ ሲዘለል ዝም ያላችሁኝንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዛሬ ክንዴ ድኗል። ትናንት ተራ አስከባሪው ከልማዱ የተነሣ ሲጠራኝ እጄን አንሥቼ እንደማልመጣ ነገርኩትና ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆምኩ። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ለባለ ቢጫ ሰሌዳዋ አንድ ኪሎ የይርጋጨፌ ቡና አስቆልቼ አዘጋጅቻለሁ። በቅርቡ ወደ ኬፕታውን የሚጓዝ ደግ ሰው ካለ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካለው መሥሪያ ቤቴ ተነሥቼ ያለበት ድረስ አመጣለታለሁ። ሴትዮዋ ቅዳሜ ጠዋት ከሚውዘንበርግ አትጠፋም ብለውኛል። ሰሌዳዋ ከአፍንጫው በስተግራ ሰርጉዷል፤ የእኔ ሥራ ነው።