ማን የገዛው ለማን ተካፈለ?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የአንድ አካባቢ ሰው ለአላቂ ዕቃዎች፣ ማለትም ለምግብ፣ ለሳሙና፣ ለመድኃኒት፣ ለነዳጅና ለመሳሰሉት በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ያወጣል የሚል ቁጥር ሲታተም አንባቢ ወዲያው የሚያነብበት ኑሮን ነው፦ እነዚያ ተመችቷቸዋል፣ እነዚህ ተቸግረዋል። ቁጥሩ ግን ብዙ ጊዜ ይህን አይናገርም። ነገሩ የሚበላሸው ገና ከማካፈሉ በፊት ነው።

400,000 ነዋሪ ባለው አካባቢ ሱቆች በዓመት የ2.4 ቢሊዮን ብር አላቂ ዕቃ ሸጡ እንበል። ሲካፈል 6,000 ይደርሳል። አካባቢው የመንገደኛ መተላለፊያ ሆኖ ከሽያጩ 20 በመቶውን የገዙት እንግዶች ከሆኑ ግን 480 ሚሊዮን ይቀነሳል፤ ነዋሪው ሌላ ቦታ ሄዶ የገዛው 120 ሚሊዮን ደግሞ ይደመራል። የሚገኘው 2.04 ቢሊዮን ለ400,000 ሲካፈል 5,100 ነው። ያ የ900 ብር ብልጫ ከነዋሪው ኪስ የወጣ አይደለም፤ የሱቅ ሽያጭ ለነዋሪ ቁጥር በመካፈሉ ብቻ የተፈጠረ ነው። አካፋዩም ያሳስታል። የቤተሰብ ወጪ ጥናት በተማሪዎች ማደሪያ፣ በጦር ካምፕና በማረሚያ ቤት ያሉትን አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅም፤ ከሕዝብ ቆጠራ የሚወሰደው ቁጥር ግን እነሱንም ይዟል።

«አላቂ» የሚለው ቃል ራሱ በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት የፍጆታ ምደባ (ኮይኮፕ) ልብስና ጫማ «ከፊል ዘላቂ» ሲሆኑ ኤሌክትሪክ ከአላቂ ዕቃ ይመደባል። የአሜሪካ የኢኮኖሚ ትንተና ቢሮ ደግሞ ልብስና ጫማን ከአላቂ ዕቃ፣ ኤሌክትሪክን ከአገልግሎት ይመድባል። በሁለቱም ምግብ ቤት የተበላ ምግብ አገልግሎት ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ውጭ መብላት የሚያዘወትርበት አካባቢ በአላቂ ዕቃ ዝቅ ብሎ ይታያል፣ እውነታው ግን ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ከራስ ማሳ የተበላውም በግምት ተተምኖ ካልተደመረ ገጠሩ ያለ ጥፋቱ ድሃ ሆኖ ይጻፋል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ከዋጋ ጋር የተያያዘው ነው። ወጪው ከ5,100 ወደ 5,712 ቢያድግ ጭማሪው 12 በመቶ ነው። የአላቂ ዕቃዎቹ ዋጋ በዚያው ጊዜ 14 በመቶ ከጨመረ 5,712ን ለ1.14 ስናካፍል 5,011 ገደማ እናገኛለን፦ ሰዉ የገዛው መጠን ቀንሷል። ይህንኑ ወጪ የቤት ኪራይንና ትራንስፖርትን ጭምር በሚይዘው አጠቃላይ የዋጋ ማውጫ (ዋጋ ምን ያህል እንደተለወጠ በሚያሳየው መለኪያ) ብናካፍለውና እሱ የጨመረው 8 በመቶ ብቻ ቢሆን 5,289 ይወጣና «ፍጆታ አደገ» ተብሎ ይታተማል። ምግብ በተወደደበት ዓመት የተራበን ሰው ጠገበ ማለት ነውና ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። መካፈል ያለበት በዕቃዎቹ በራሳቸው የዋጋ ማውጫ ነው።

የቤተሰብ ብዛትም አለ። ሁለት አዋቂና ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ልጆች ያሉት ቤት 21,000 ቢያወጣ በነፍስ ወከፍ 5,250 ነው፤ ብቻውን የሚኖር ሰው 8,000 ያወጣል እንበል። የቤተሰብን ብዛትና ዕድሜ በሚያገናዝበው በተሻሻለው የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) መለኪያ የመጀመሪያው አዋቂ 1፣ ሁለተኛው 0.5፣ እያንዳንዱ ልጅ 0.3 ስለሚቆጠር ድምሩ 2.1 ነው፤ 21,000 ለ2.1 ሲካፈል የቤተሰቡ ወጪ 10,000 ሆኖ ደረጃው ይገለበጣል። መለኪያው የተሠራው ለጠቅላላ ገቢ በመሆኑ ለምግብ ብቻ ሲውል አብሮ በመኖር የሚገኘውን ቁጠባ ያጋንናል፤ ቢሆንም በጭፍን ለአራት ከማካፈል ይሻላል። የኑሮን ደረጃ ለማየት ከሆነ ደግሞ ከጠቅላላ ወጪ ውስጥ የምግብን ድርሻ መጠየቅ ይበጃል። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኧርነስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857 እንዳሳየው ገቢ ሲያድግ ይህ ድርሻ ይቀንሳል።

ቁጥሩ በጥናት የተሰበሰበ ከሆነ፣ የመጠጥና የትምባሆ ወጪ ብዙ ጊዜ ተቀንሶ እንደሚነገር፣ የወጪ መመዝገቢያ ደብተርም በሁለተኛው ሳምንት እየሳሳ እንደሚሄድ አትርሱ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ቁጥር ስታትሙ ከሥሩ በአጭሩ አስፍሩልን፦ ከሽያጭ ነው ወይስ ከቤተሰብ ጥናት? በየትኛው ምደባ? በየትኛው ዓመት ዋጋ? ለየትኛው ሕዝብ ተካፈለ? ምንጩ እነዚህን ካልገለጸ ሁለት አካባቢዎችን በደረጃ አታስቀምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ