ትርፍ ካልፈለጋችሁ ወለዱ ለምንድን ነው? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ሰሞኑን ቢሮ ብቅ የሚል ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ያነሣል። «ለትርፍ አልቆምንም ትላላችሁ፤ ታዲያ ወለዱ ለምንድን ነው?» አንዳንዱ እየሳቀ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ከልቡ ተናዶ። መጠየቃችሁ ልክ ነው። መስኮት ላይ ቆመን በሁለት ደቂቃ የምንጨርሰው ነገር ስላልሆነ ግን በጽሑፍ ብናስረዳ ይሻላል ብለናል።

ለአዲሶቹ አንድ ነገር እናስቀድም። እኛ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነን። ስለዚህ ደንበኛ የምንላችሁ ሁላችሁም አባላት ናችሁ። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ሺህ ብር የቆጠበውም መቶ ሺህ የቆጠበውም ድምፁ አንድ ነው። ዓመቱ ሲዘጋ የሚተርፈው ገንዘብ አይከፋፈልም። ጉባኤው እንደወሰነው ተመልሶ ብድር ይሆናል።

የወለዱ ነገር የሚጀምረው ከመያዣ ነው። ባንክ ሄዶ የጠየቀ ሰው ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቤት ወይም መኪና አለህ ወይ?» ነው። ከእናንተ ብዙዎቹ የሚኖሩት ወይም የኖሩት ቀበሌ ቤት ነው። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች። ከዚያ ወዲህ ሰው እዚያው ወልዶ፣ ድሮ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ ጣሪያውን በራሱ ገንዘብ ቀይሮ ይኖራል። ካርታው ግን የሱ አይደለም። ስለዚህ ያ ቤት ባንክ ፊት እንደሌለ ይቆጠራል።

ባንኮቹንም ቢሆን ዝም ብሎ መውቀስ አይገባም። የሚያበድሩት የሰው ገንዘብ ነው። ለ30 ሺህ ብር ብድር የሚከፈተው ፋይልና ለ3 ሚሊዮን የሚከፈተው ፋይል የሚፈጀው ሥራ ያን ያህል አይራራቅም። ነሐሴ 2015 ላይ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። ገደቡ በኋላ ከፍ ቢደረግም፣ ገንዘብ ሲጠብ ከሰልፉ መጀመሪያ ማን እንደሚወጣ ለእናንተ አይነገርም።

ዕቁብ አለ፣ እውነት ነው። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ እኛም ራሳችን እንጥላለን። ችግሩ ዕጣው የሚወጣው በራሱ ጊዜ መሆኑ ነው። የተሰበረ ምጣድ ዕጣ አይጠብቅም። ያኔ ነው አራጣ አበዳሪ በር ላይ የሚገኘው። በወር አሥር በመቶ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ በዓመት 120 በመቶ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ለሚያበድርበት ተራ ውል ያስቀመጠው ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ ነው። አራጣ ደግሞ በወንጀልም ያስጠይቃል።

እንግዲህ ቤት ሳንይዝ እናበድራለን። ታዲያ ምን ይዘን? እናንተን አውቀን። ይህ ማወቅ ነው ገንዘብ የሚፈጀው።

አንዲት አራዳ ውስጥ ሕንፃ ሥር ጀበና ቡና የምትሸጥ ደንበኛ አለችን። ብድር ስትጠይቅ የገቢ ማስረጃ አልነበራትም። የብድር ኦፊሰራችን ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ ረፋዱን ሙሉ ዋለ። ስኒ በታጠበ ቁጥር ደብተሩ ላይ ጭረት ያደርጋል። ከሰሏን በፌስታል እንደምትገዛ ያየው ያኔ ነው። በጆንያ ብትገዛው በጣም ይረክሳል፤ የጆንያው ገንዘብ ግን በአንዴ እጇ ላይ አይገኝም። ስኳሩም እንደዚያው ነው፣ ቡናውም። የጠየቀችው ብድር ለወንበር ነበር። ወንበሩ ይቆይና መጀመሪያ በጆንያ ግዢ ተባባሉ።

ከዚያ የዱቤ ደብተሯን አሳየችው። ስም የለበትም። «ሹፌሩ»፣ «ባለ መነጽሩ»፣ «የሦስተኛ ፎቋ ልጅ» ይላል። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ጭረት፣ ደመወዝ የወጣ ሳምንት ጭረቱ ይሰረዛል። ለእኛ ይህ ደብተር ከብዙ የባንክ ወረቀት ይበልጣል። ማን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፍል፣ ማን እንደጠፋ ይናገራል። የክፍያ ቀኗ ደመወዝ ከወጣ በኋላ የሆነውም ከዚያ ደብተር ተነሥቶ ነው። ወሩ አጋማሽ ላይ ብናደርገው ኖሮ በየወሩ ቅጣት በቆጠርንባት ነበር።

የኦፊሰሩ ረፋድ ደመወዝ አለው፣ ታክሲ አለው። ከወለዱ ትልቁ ድርሻ የሚሄደው እዚያ ነው። ቀጥሎ የቆጣቢዎች ወለድ አለ። በ2010 ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጓል። ከዚያ ብናንስ ማንም ገንዘቡን እኛ ጋ አያስቀምጥም። ሌላው መጠባበቂያ ነው፤ ሰው ይታመማል፣ ይሞታል፣ ሱቅ ይቃጠላል። የቀረው የኑሮ ውድነቱን ለመቋቋም ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሰልባጅ የምትነግዱ ታስታውሳላችሁ፤ ከዚያ በፊት አንድ ቦንዳ ያመጣ ብድር ከዚያ በኋላ ቦንዳ አልሞላም። የብድር ቋቱም እንደዚያው ይሳሳል። ያለ ወለድ ብንሰጥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የምንሰጠው ባልኖረን ነበር።

ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረ ሾርባንክ የሚባል ባንክ ነበር። ሌሎች ባንኮች የሸሹአቸውን የድሃና የጥቁሮች ሰፈሮች ለማልማት ብሎ የተነሣ ነው። ብዙ ቤት አሳደሰ፣ ብዙ አገር ተከተለው። በቤት ገበያው ቀውስ ጊዜ ግን እነዚያው ሰፈሮች ክፉኛ ተመቱ፣ ብድሩ መመለስ አቃተው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘጋ። መጠባበቂያውን ቀንሱልን ስትሉን ይህ ባንክ ነው ትዝ የሚለን።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ወለድ ስንት ነው ብቻ ሳይሆን በምን ላይ ነው የሚሰላው ብላችሁ ጠይቁ፤ እኛንም ሌላውንም። 50,000 ብር ለአንድ ዓመት በ18 በመቶ ተበደራችሁ እንበል። አንዱ አበዳሪ ወለዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በ50,000 ላይ ያሰላል። ፍላት የሚሉት ነው። ወለዱ 9,000 ብር ይሆናል። ሌላው በየወሩ ከቀረው ዋና ገንዘብ ላይ ብቻ ያሰላል። ወለዱ 4,875 ብር ነው። መቶኛው አንድ፣ ልዩነቱ 4,125 ብር።

ተንኮሉ ደግሞ የመጀመሪያው ወር ክፍያ በሁለቱም አንድ መሆኑ ነው፤ 4,917 ብር ገደማ። ስለዚህ ሰው አይነቃም። በፍላት የመጨረሻው ወርም ያው 4,917 ነው። በእኛ አሠራር ግን የመጨረሻው ወር ወደ 4,229 ይወርዳል፤ ያኔ የቀረው ዕዳ ትንሽ ስለሆነ ወለዱ 62 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። ቀድማችሁ ብትዘጉ ያልደረሰው ወር ወለድ አይታሰብባችሁም። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የመክፈያ ሠንጠረዡን ጠይቁ። ሠንጠረዥ የማይሰጥ አበዳሪ ካጋጠማችሁ እንዳትፈርሙ።

ሌላ ቦታ ዕዳ አለባችሁ ወይ ብለን ስንጠይቅ የሚከፋው ሰው አለ። ገበና ለማየት አይደለም። በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ አንድ ቤተሰብ ከሦስትና ከአራት አበዳሪ እየወሰደ፣ የአንዱን በሌላው እየከፈለ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ነገሩ ፈነዳ። ራሳቸውን ያጠፉ ተበዳሪዎች ዜና ወጣ፣ የክልሉ መንግሥት ጣልቃ ገባ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሰው መክፈሉን አቆመ፣ አበዳሪዎቹም ወደቁ። እኛ ዘንድ አንዱን ብድር በሌላ የሚዘጋ ሰው ስናይ አዲስ አንሰጥም። ይሉኝታ ይዞን ብንሰጥ መጎዳታችሁ ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁን ወደሚያስጨንቀው ነገር እንምጣ። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱና በመልሶ ማልማቱ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ኋላም ካዛንቺስ ተነሥተዋል። አምስት ሆነው የተዋዋሱ ጎረቤታሞች ዛሬ አንዷ ገላን ጉራ፣ አንዷ አያት፣ ሌላዋ ዘመድ ቤት ናት። የቡድን ዋስትና ድሮ የሚሠራው ሰው ስለሚተያይ ነበር። አንዷ ሁለት ቀን በር ካልከፈተች ጎረቤት ያንኳኳል፣ እድሩ ያውቃል፣ እኛም እንሰማለን። እውነቱን ለመናገር መያዣችን ሰፈሩ ራሱ ነበር። አሁን የቡድን አባላት ለመገናኘት ሁለት ታክሲ ይይዛሉ። ገበያውም ርቋል። የጀበና ቡና ሻጯን ቡና ይጠጡ የነበሩት የቢሮ ሠራተኞች ተከትለዋት አልሄዱም።

ስለዚህ አሠራራችንን ቀይረናል። ከሰፈሩ የተነሣ ሰው ሥራውን እንደገና እስኪያቆም የእፎይታ ጊዜ ይሰጠዋል። በዚያ ጊዜ ዋናውን አይከፍልም፣ ቅጣትም የለበትም። በቀሪው ገንዘብ ላይ ያለው ወለድ ግን ይቀጥላል፤ ይህን ቀድማችሁ እወቁት። የድሮው ቡድን ከተበተነ በአዲሱ ሰፈር ከምታውቋቸው ጋር አዲስ ቡድን መመሥረት ይቻላል። እንግዳ ሰው ለማሟያ ብላችሁ ግን አታስገቡ፤ የሱ ዕዳ በእናንተ ላይ ነው የሚመጣው።

ቡድን ላጣ ሰው ሌላ መንገድ አለ። በ2011 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 የስፌት መኪና፣ ፍሪጅ፣ የዳቦ መጋገሪያ፣ ሌላው ቀርቶ የሱቅ ዕቃም መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል። ዕቃው እናንተ ጋ ሆኖ ትሠሩበታላችሁ፤ መያዣነቱ ብቻ ይመዘገባል። ቤት ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ሕግ እስካሁን አላየንም። የግዢ ደረሰኝ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ደረሰኝ አትጣሉ።

ክፍያ በቴሌብር ላኩ፤ ከገላን ጉራ ለክፍያ ብቻ መመላለስ የለባችሁም። የተላከውን መልእክት አታጥፉት። ለኦፊሰር በእጅ ጥሬ ገንዘብ አትስጡ፣ የምትወዱት ልጅ ቢሆንም። በእጅ ገንዘብ የሚቀበለው ቢሮ ያለችው ገንዘብ ያዥ ብቻ ናት፣ እሷም ማኅተም ያለው ደረሰኝ ትሰጣለች።

የመነሻ ደብዳቤ የደረሳችሁ ዕቃ ሳትጭኑ በፊት ደውሉልን። ከተነሣችሁ በኋላ ፈልገን ከምናገኛችሁ ይልቅ ቀድመን ብንነጋገር የእፎይታው ውል በአንድ ቀን ያልቃል። መታወቂያችሁንና የብድር ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። የተነሣችሁበት ደብዳቤ ኮፒ ካለም ይጠቅማል። ቅዳሜም እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት አለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የማኅበሩ ብድር ክፍል
አዲስ አበባ፣ አራዳ