ትሬለሮቹን ለምን ራሳችን እንደምንጎትት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ሰሞኑን ስልካችን አላረፈም። ከዚህ ሰመር ጀምሮ የምናከራየውን የካምፕ ትሬለር (በመኪና የሚጎተተውን ማደሪያ) ለደንበኛ አናስረክብም ካልን ወዲህ ብዙዎቻችሁ ተቆጥታችኋል። ከእንግዲህ እኛው ጎትተን እንወስዳለን፣ ካምፑ ላይ እናቆማለን፣ ስትጨርሱ እኛው እንመልሳለን። ለዚህም 180 ዶላር እንጨምራለን። ቀብድ ከከፈላችሁ በኋላ ስለሰማችሁ፣ ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን አይለወጥም። ምክንያቱን በቴሌግራም ግሩፑ ላይ በሁለት መስመር ማስረዳት ስላልቻልኩ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ከሰማሁት ሁሉ «ገንዘብ መሰብሰቢያ ዘዴ ነው» የሚለው አሳዝኖኛል። «መንዳት አትችሉም አሉን» የሚለውም እንደዚያው። ማንንም መንዳት አትችልም አላልኩም። ከእናንተ ውስጥ ስንቱ ነው ታክሲና ትራክ እየነዳ ልጆቹን ያሳደገው! እኔም ከዚህ ሥራ በፊት የኮሎራዶን ተራሮች በሚያቋርጠው አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ ትራክ ስነዳ ኖሬያለሁ። በዚያው መንገድ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከዋሻው ወደ ምዕራብ ስትወጡ ያለውን ቁልቁለት የነዳ ያውቀዋል። ፍሬን እምቢ ላለው ትራክ ከመንገዱ ዳር የጠጠር ማምለጫ የተሠራለት በከንቱ አይደለም። ስለ ተራራ መንገድ ስናገር ከሰው ሰምቼ አይደለም።

ጉዳዩ ያለው መኪናው ላይ ነው። አብዛኞቻችሁ የምትነዱት ባለ ሰባት መቀመጫ ኤስዩቪ ነው። ሻጩ «5,000 ፓውንድ ይጎትታል» ብሏችኋል። በወረቀት እውነት ነው። የእኛ ትልቁ ትሬለር ውሃው፣ ጋዙና ዕቃው ሲገባበት 4,500 ፓውንድ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ከ10 እስከ 15 በመቶው ትሬለሩ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት በሂቹ በኩል መኪናችሁ ላይ ያርፋል። ይህ ብቻውን ከ450 እስከ 675 ፓውንድ ነው። በዚያ ላይ ሰባት ሰው፣ የእንጀራው ካርቶን፣ ኩለሩ፣ ረከቦቱ ሳይቀር ይጫናል። መኪናችሁ ስንት ፓውንድ መሸከም እንደሚችል በሹፌሩ በር ላይ ተለጥፏል፤ እባካችሁ ክፈቱና አንብቡት። ደግሞ ተርቦ (አየር አፍኖ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከፍታው በየ300 ሜትሩ ሲጨምር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ያለው ግሌሸር ቤዝን ካምፕ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ስትደርሱ ሩቡ ጉልበት የለም ማለት ነው።

ዳገቱስ ቀስ ተብሎ ይወጣል። የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ባለፈው ኦገስት አንድ ቤተሰብ ከፓርኩ አጠገብ ካለችው ከኢስተስ ፓርክ ከተማ ወደ ላየንስ በ36 ቁጥር መንገድ ሲወርድ ደወለልኝ። ስደርስ ትሬለሩ መንገድ ዳር ቆሟል። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ መኪናዬን ሳላቆም አፍንጫዬ ገባ። ከግራው ጎማ ቀጭን ጭስ ይወጣል። እጄን ላስጠጋ ስል ሙቀቱ መለሰኝ። አባትየው ጎበዝ ሹፌር ነው። ስናስረክበው ማርሽ ቀንሶ እንዲወርድ አሳይተነዋል፣ ፈርሟልም። ግን ትሬለሩ ከኋላ ሲገፋው ደነገጠና ፍሬኑን ረግጦ ያዘው። እንዲያ ሲያዝ ፍሬን ይግላል፤ ሲግል መያዙን ይተዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። እናትየው ግን ትንሿን ልጅ አቅፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትንቀጠቀጥ ነበር። ሰው ይደነግጣል። ስንት ወረቀት ባስፈርም ድንጋጤን ማስቀረት አልችልም። የወሰንኩት ያኔውኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ በራሱ ለሚጎትተው ትሬለር የምንጠየቀው ኢንሹራንስ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ጎማውም፣ ማቆሚያ ቦታውም ጨምሯል። ይህን ሁሉ እናንተ ላይ ብንጭነው ዋጋው የሚቀመስ አይሆንም ነበር። 180 ዶላሩ የሹፌሩን የቀን ሒሳብና ናፍጣውን ይሸፍናል። ለእኛ የሚተርፍ ነገር የለውም።

ይህን ድርጅት በአንድ አሮጌ ትሬለር ነው የጀመርነው። መጋረጃውን ባለቤቴ ሰፋችው፣ ወለሉን እኔ ቀየርኩት። «አበሻ ቤት እያለው ምን በወጣው ጫካ ያድራል» ይሉን ነበር። ዛሬ በፍልሰታ ሽሯቸውን ይዘው ተራራ የሚወጡ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አሉን። እናቱን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ፓርኩ ውስጥ ባለው ሐይቅ፣ ቤር ሌክ ዳር ቡና ያስፈላላቸው አለ። በ2020 መጀመሪያ ኮሮና፣ በኦክቶበር ደግሞ የኢስት ትራብልሰም የደን እሳት መጣ። እሳቱ ተራራውን ተሻግሮ ኢስተስ ፓርክ በሙሉ ውጡ ተባለ። ያን ጊዜ ቀብድ ልመልስ ብደውል «ተወው፣ ለከርሞ ይሁን» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ያን መቼም አልረሳውም። ከእነዚያው ደንበኞቼ «ተለወጥክብን» የሚል ቃል መስማት ለዚህ ነው የከበደኝ።

በነገራችን ላይ ካምፑ ላይ ከሰል ለምን አናነድም የሚል ጥያቄም ተነስቷል። ጠንካራው የእሳት እገዳ ሲታወጅ ከሰል ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ማጥፊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ምድጃውን እኛ እናስቀምጥላችኋለን። የ2020ን ጭስ ያየ ሰው በዚህ አይከራከረኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። እስካሁን የመጀመሪያው ቀናችሁ የሚያልቀው ትሬለር ወደኋላ በማስገባት ነበር። እናንተ ስትደርሱ ቀትር ያልፋል። በጁላይና በኦገስት ደግሞ ከቀትር በኋላ መብረቅ አለ፤ ሰው ከዛፍ መስመር በላይ፣ ማለትም ዛፍ በማይበቅልበት ከፍታ ላይ፣ መገኘት የለበትም። አሁን ግን ከዋዜማው ሄደን ትሬለሩን እናቆመዋለን። እናንተ በጠዋት በቀላል መኪና መጥታችሁ ከቤር ሌክ በኒምፍና በድሪም ሐይቆች አድርጋችሁ ኤመራልድ ሌክ ድረስ መሄድ ትችላላችሁ። መሄጃው ብቻ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልጆችም ይችሉታል። ስትመለሱ አልጋው ተነጥፎ፣ ውሃው ተሞልቶ ይጠብቃችኋል። ለእግር ጉዞ አይደል እንዴ የመጣነው?

ለዚህ ሰመር ቦታ የያዛችሁ እስከ ጁን 10 ደውሉልን። አልተስማማንም ካላችሁ ቀብዳችሁ ሳይቆረጥ ይመለሳል። የካምፑ ቦታ ከ6 ወር በፊት ስለሚያዝ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ ላገኝላችሁ አልችልም። እባካችሁ፣ ትታችሁን ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ በአዲሱ አሠራር ሞክሩን። የምትቀጥሉ ደግሞ ስንት ልጆች እንደምትይዙና የምትጾሙ እንደሆነ ንገሩን፤ ፍሪጁን በዚያው ልክ እናዘጋጃለን።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት
አውሮራ፣ ኮሎራዶ