ችግሯን አትደብቅ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት በትልቋ ልጅሽ ምክንያት ነው። «አክስቴ፣ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ላመለክት ነው፤ መክፈል አንችልም ብዬ ብጽፍ ይጥሉኛል?» ብላ ላከችብኝ። አንብቤው ብዙ ቆየሁ። እኔ በእሷ ዕድሜ ያንኑ ፈርቼ ዝም ብያለሁና።

ለምን እንደጠፋሁብሽም ልንገርሽ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ የሚከፍልልኝ ዘመድ ከሥራ ወጣ፤ ገንዘቡም ቆመ። ለማንም አልተናገርኩም። ለአንቺ «ሁሉ ሰላም ነው» እያልኩ መዋሸቱ ሲከብደኝ መጻፉን ተውኩት። የሁለት ወር ኪራይ ተጠራቀመብኝ፤ መጽሐፍ መግዛት ስላልቻልኩ ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ እዚያው አመሽ ነበር። ምዝገባዬ ሊሰረዝ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንዲት የተማሪዎች ጉዳይ ሠራተኛ «ለምን ለበርሰሪ አላመለከትሽም?» አለችኝ። እኔ እኮ በርሰሪ የጎበዝ ተማሪ ሽልማት ይመስለኝ ነበር! ስኮላርሺፕ ብዙ ጊዜ ውጤት ያያል፤ በርሰሪ የሚያየው የጎደለሽን ነው። ፎርሙ የሦስት ወር የባንክ መግለጫ፣ የኪራይ ውል፣ የወር ገቢና ወጪ ጠየቀኝ። ስሞላው በሰው ፊት ኪሴን የገለበጥኩ ያህል አፈርኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመንፈቁን ኪራይ ከፈሉልኝ። ያ ፎርም ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ቢሮ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ልጅሽ ሳትፈራ ትናገር። ጥያቄዋን ግን አድበስብሼ አላልፈውም፤ አንዳንድ ቦታ መጠየቋ ሊጎዳት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር አመልካች ሲመርጡ የመክፈል አቅሙንም ይመዝናሉ። ይህን ኒድ አዌር ይሉታል። አቅም ሳያዩ መርጠው የጎደለውን በሙሉ የሚሞሉት፣ ማለትም ኒድ ብላይንድ የሚባሉት፣ በጣም ጥቂት ናቸው፤ ለምሳሌ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስት፤ በፈረንጆቹ 2022 ዳርትማውዝና ቦውዶይን ተጨመሩ፤ ብራውንም በ2025 ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ። እነዚህ ደግሞ መግቢያቸው እጅግ ጠባብ ነው። ኒድ አዌር ከሆኑትም «የተቀበልነውን ተማሪ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ እናሟላለን» የሚሉ ኮሌጆች ስላሉ እነሱን አትለፋቸው።

ታዲያ ይጎዳታል ካልኩ ለምን ትጠይቅ እላለሁ? የውጭ አገር ተማሪ ሲያመለክት ድጋፍ ካልጠየቀ፣ ብዙዎቹ ኮሌጆች በኋላ ልጠይቅ ቢል አይፈቅዱለትም። ያለ ገንዘብ ብትገባም የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ መሸፈኗን ካላሳየች አይ-20 የሚባለውን ወረቀት አይሰጧትም፤ ያለ እሱ ደግሞ ቪዛ የለም። ተቀብለናታል የሚል ደብዳቤ ይዛ ቤቷ መቅረቷ ነው። እንዲህ ሲሆን ያየሁባቸው ልጆች አሉ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስሌቱ በአጭሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ የዓመቱን ወጪ በሙሉ ይደምራል፤ ክፍያውን፣ መኖሪያውን፣ ምግቡን፣ መጽሐፉን፣ ብዙ ጊዜ ኢንሹራንሱንና ጉዞውንም። ከዚያ ቤተሰብ ሊከፍል ይችላል ያለውን ይቀንሳል፤ የቀረው ፍላጎት ይባላል። ቤተሰብ የሚችለውን የሚወስነው ግን ኮሌጁ በራሱ ቀመር ነው። ለዚህ ነው አንቺና ባለቤትሽ የምታስፈልጉት። ገቢያችሁን፣ ዕዳችሁን፣ የምትረዷቸውን ሰዎች ሳታሳንሱም ሳታሳምሩም ጻፉ። የደመወዝ ወረቀት ከሌላችሁ ገቢያችሁ ከየት እንደሚመጣ የሚያስረዳ፣ የተፈረመ ደብዳቤ የሚቀበሉ አሉ። መልሱ ከጠበቃችሁት ካነሰ ወይም መሐል ላይ ሥራ ከጠፋ፣ ማስረጃ አያይዛችሁ እንደገና እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። ይህን ማድረግ ልመና አይደለም፤ የተለመደ አሠራር ነው።

ፋፍሳ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የድጋፍ መጠየቂያ ፎርም ለእሷ አይደለም፤ ጊዜዋን አታጥፋበት። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን፣ ኮሌጆች የቤተሰብን አቅም የሚያዩበትን የኢንተርኔት ፎርም ግን ብዙዎቹ ይጠይቃሉ፤ ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ያስከፍላል። ይህም ከከበዳችሁ ለኮሌጁ ትጻፍላቸው፤ የነፃ ኮድ የሚሰጡ ወይም በሌላ ነፃ ፎርም የሚተኩላት አሉ።

ሙሉ ድጋፍ ሲባልም ሁሉን ይሸፍናል እንዳይመስላችሁ። ሴቪስ የሚባለው፣ ለቪዛ የሚያስፈልገው የ350 ዶላር የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ከራስ ኪስ ነው። አንድም ሰው ያልነገረኝ ደግሞ ግብሩን ነው፦ ድጋፉ ለመኖሪያና ለምግብ የሚሰጠው ክፍል አሜሪካ ውስጥ እንደ ገቢ ይቆጠራል፤ ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ ከገባ ተማሪ ላይ 14 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል። ከመሄዷ በፊት ትጠይቃቸው።

እንግሊዝን ካሰበች ደግሞ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ «ሪች ኦክስፎርድ» የሚባል ድጋፍ አለው፤ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ክፍያውን፣ የኑሮ ወጪውንና በዓመት አንድ የደርሶ መልስ ቲኬት ይችላል። የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ ቢሆንም ትሞክረው።

ሲኤስኤስ ፕሮፋይል በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ከዚያ በፊት የገቢና የወጪ ዝርዝራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ አብረን መስመር በመስመር እናየዋለን። ለአንቺም ያልነገርኩሽ ብዙ አለ፤ በሚቀጥለው ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትናፍቅሽ ጓደኛሽ